ቲክ ከተከፈተ በኋላስ? ስለ ቀጺን ሚቭኻን ማወቅ ያለባችሁ

የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ የሚወራ ነው። ልጁ ተይዟል፣ ቲክ ተከፍቶበታል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ሐይፋ ላላችሁ፣ በተለይ ለቂርያት ኃይም ልጆች፣ የፖሊስ ነገር ከባድ ነው። ጁን 30 ቀን 2019 ሰሎሞን ተካ እዚያው ሰፈር በፖሊስ ጥይት ተገድሏል፤ ተከትለው በመጡት ሰልፎችም ብዙ ወጣቶች ታስረዋል። ከዚያ በፊት በ2016 የወጣው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት ፖሊስ በማኅበረሰባችን ላይ የሚያደርገውን ከልክ ያለፈ ቁጥጥር አንስቶ ነበር። ያ ትግል የሚቀጥል ነው። የዛሬው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አንድ ልጅ በእርግጥ ካጠፋ በምን መንገድ ይመለሳል?

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። እስራኤል ውስጥ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ12 እስከ 18 ያለው የሚዳኘው በ1971 በወጣው የኖዓር ሕግ ነው። ሕጉ በ2008 ሲሻሻል ለልጁ መብት ተጨመረለት። ወላጅ እንዲያውቅና ምርመራው ላይ እንዲገኝ፣ ልጁም ከምርመራ በፊት ከጠበቃ ጋር እንዲነጋገር ይፈቅዳል። ሌሊት መመርመርም በመደበኛው ክልክል ነው፤ ከ14 በታች ከሆነ ከ20:00 በኋላ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከ22:00 በኋላ። ለዚህ ሁሉ ሕጉ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ስለዚህ ጠበቃ መጠየቅን አትርሱ። የመንግሥት ጠበቃ፣ ሳኔጎርያ፣ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ፤ ቀጺን ሚቭኻን። ብዙዎቻችን ፖሊስ ይመስለናል። አይደለም። የደኅንነት ሚኒስቴር (ሚስራድ ሃረቫኻ) ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው። ልጁንና ቤተሰቡን ያነጋግርና ለዳኛው ታስኪር ይጽፋል። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ጥፋቱ ያለውን ስሜት። ዳኛው ያለዚህ ጽሑፍ ቅጣት አይወስንም።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ዳኛው ልጁ ማጥፋቱን ካረጋገጠ በኋላም ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ጥፋተኛ ብሎ መቅጣት ነው። ሁለተኛው ብሊ ሃርሻዓ የሚባለው ነው። ጥፋተኛ ሳይለው ሥራ ይሰጠዋል፦ በሚቭኻን ክትትል ሥር መቆየት፣ ለተጎዳው ካሳ መክፈል፣ ሲከብድ ደግሞ ማዖን መግባት። ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ በመደበኛው እስር ቤት አይልክም። ከሁለቱ መንገዶች በየትኛው እንደሚሄድ ሲወስን ያ ታስኪር እጁ ላይ ነው።

እኛ የምንወድቀውም እዚህ ጋ ነው። በእኛ ቤት ልጅ ታላቅ ፊት አንገቱን ደፍቶ "እሺ" ይላል። የቤት ጉዳይ ደግሞ ሆድ ይፍጀው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ፊት ግን አንገት መድፋት ግድ የለሽነት፣ ዝምታም እምቢታ ሊመስል ይችላል። ሌላም አለ። እናትና አባት ዕብራይስጥ ካልጠነከረላቸው ልጁ ራሱ ያስተረጉማል። የራሱን ጥፋት እያለሳለሰ ነዋ የሚያስተረጉመው! አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አያሳፍርም። አማርኛ ብቻ ሳይሆን ትግርኛም ጠይቁ። ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ካልታየ ደግሞ ምን እንደምትናገሩ አስቀድማችሁ ከጠበቃው ጋር ተመካከሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ምንድነው? ከትምህርት የወጣ ልጅ በከተማው ቂዱም ኖዓር በኩል ሂላ በሚባለው ፕሮግራም 12ኛን መጨረስ ይችላል። የቡድን ውይይት አለ። ቄዴም የሚባልም አለ፤ ያጠፋው ልጅ ከቤተሰቡ ጋር፣ የተጎዳውም ከራሱ ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ልጁ ያደረገውን በአፉ ይናገራል፣ የተጎዳው የደረሰበትን ይናገራል፣ እንዴት እንደሚካስ ይስማማሉ። ለወላጆቻችሁ ማስረዳት ከከበዳችሁ "ሽምግልና ነው" በሏቸው። ወዲያው ይገባቸዋል። ልዩነቱ፣ ያለ ተጎዳው ፈቃድ አይደረግም፤ ሽማግሌ ተልኮም ግፊት አይደረግበትም።

በመጨረሻ ስለ ቲኩ። ፖሊስ ፋይል ዘጋ ማለት ተሰረዘ ማለት አይደለም። "ኮሴር አሽማ"፣ ማለትም ልጁ ጥፋት የለበትም ተብሎ ሲዘጋና "ማስረጃ አልበቃም" ተብሎ ሲዘጋ አንድ አይደለም። በሁለተኛው ምክንያት የተዘጋ ፋይል በፖሊስ መዝገብ ይቆያል። ስለዚህ የተዘጋበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ። ምክንያቱ እንዲቀየር ማመልከት ይቻላል። ለተፈረደበትም ከፕሬዚዳንቱ ምሕረት፣ ኻኒና፣ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው የማኅበረሰባችን የሕግ ድርጅት ተበቃ እንዲህ ባለ ጉዳይ የሚጠየቅ ነው። ይህን ከወታደርነትና ከሥራ በፊት ጨርሱት፤ ሲደርስ ከመሮጥ ይሻላል።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እቤታችሁ የተከፈተ ቲክ ካለ የሚቭኻን ቀጠሮ የወጣበትን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ከወላጅ ጋር ሂዱ፣ በሰዓቱ ሂዱ፣ ተናገሩ። ይህን ክፍል ለሚያስፈልገው ሰው ላኩለት። ሰላም ሁኑ።