ቴርሞሜትሩ የት ነው የቆመው?

«ኢንሹራንስ ሲቀበል እንጂ ሲከፍል አይታወቅም» የሚለውን ምሬት ያልሰማ አንባቢ የለም። መኪናው የተጋጨበትም፣ መጋዘኑ የተቃጠለበትም ይለዋል። ለዚህም ነው ሕንድ ውስጥ ሙቀት ሲበረታ ያለ ገማችና ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የሚልክ ኢንሹራንስ ተገኘ ሲባል ብዙዎች ጆሯቸውን የሰጡት። መገኘቱ እውነት ነው። አሠራሩ ግን በአብዛኛው የሚተረከው ተሳስቶ ነው።

የጉጃራቷ አህመዳባድ ሙቀት ምን እንደሚያስከፍል ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በሜይ 2010፣ በአንድ ወር ብቻ፣ ከወትሮው በ1,344 የሚበልጡ ሰዎች ሞተውባታል። በ1972 እዚያው ከተማ የተመሠረተው የሠራተኛ ሴቶች ማኅበር «ሴዋ» በ2023 ከአባላቱ ለ21,000ዎቹ የሙቀት ኢንሹራንስ ገባላቸው። እነዚህ አትክልት የሚቸረችሩ፣ ጨው የሚያመርቱ፣ ቤታቸው ተቀምጠው ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ናቸው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሪ ላይ የተደረደረ ጎመን ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ይጠወልጋል፤ ገዢም በዚያ ፀሐይ ከቤቱ አይወጣም።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይህ ኢንሹራንስ የጠወለገውን ጎመን አያይም፤ ሴትዮዋ ታማ ሐኪም ቤት መግባቷንም አይጠይቅም። የሚያየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሙቀቱ ውሉ ላይ ከተቆረጠው ዲግሪ በላይ ሆኖ ለተከታታይ ቀናት ከቆየ ይከፍላል፤ ካልሆነ አይከፍልም። በ2023 ቁጥሩ አልሞላምና ካሳ ሳይከፈል ወቅቱ አለፈ። ማንም አላጭበረበረም፤ ውሉ የተጻፈው እንደዚያ ነበር።

ታዲያ ዲግሪውን ለምን ዝቅ አያደርጉትም? ዝቅ ካለ በየዓመቱ ይከፈላል፤ በየዓመቱ የሚከፈል ካሳ ደግሞ ምንጩ አረቦኑ ራሱ ስለሆነ፣ አረቦኑ ከጎመን ቸርቻሪዋ አቅም በላይ ይወጣል። ከፍ ካለ አረቦኑ ይረክሳል፣ ካሳው ግን ስንት ዓመት ቆይቶ አንዴ ብቅ ይላል። እሷን የሚያከስራት ደግሞ አልፎ አልፎ የሚመጣው ሙቀት ብቻ አይደለም። በየሜይ ወሩ የሚመላለሰው የተለመደው 41 እና 42 ዲግሪም ነው። በየዓመቱ የሚደርስን ጉዳት ኢንሹራንስ ሊሸከመው አይችልም። በ2024 ኢንሹራንስ የተገባላቸው አባላት ወደ 50,000 ሲያድጉ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ 400 ሩፒ በቀጥታ የሚሰጥ ድጎማ የተጨመረውም ለዚህ ነው። እኔ ይህን ክፍል እደግፈዋለሁ፤ ግን ድጎማ ነውና በስሙ ይጠራ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ራሱ ነው። ሜይ 29 ቀን 2024 በዴልሂ ሙንጌሽፑር የሚገኘው መለኪያ 52.9 ዲግሪ አነበበ። የሕንድ ሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሲያጣራ መሣሪያው 3 ዲግሪ ጨምሮ እንደነበር ተናገረ። በእንዲህ ያለ ውል 3 ዲግሪ ማለት በመከፈልና ባለመከፈል መካከል ያለው ልዩነት ነው። ደህና የሚሠራው መለኪያም ቢሆን የሚቆመው ንፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ግን የምትውለው ቆርቆሮ ሥር ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የዴልሂ የሌሊት ሙቀት እንኳ ከ35.2 ዲግሪ ያልወረደበት ቀን ነበር። የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ብቻ የሚቆጥር ውል ያንን ሌሊት አያውቀውም፤ ሳትተኛ አድራ በማግስቱ ግማሽ ሥራ የሠራችው ሴት ግን ታውቀዋለች።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ቦረና ላይ የተሸጠው የከብት ኢንሹራንስ የሚከፍለው ሳተላይት ባየው የልምላሜ መጠን ነው። ከብት የማይበላው ቁጥቋጦም ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው። አርብቶ አደሩ «ከብቴ እየሞተ ለምን አልተከፈለኝም?» ሲል የተቆጠረው ከብቱ እንዳልሆነ ቀድሞ በግልጽ ሊነገረው ይገባ ነበር።

ለእርሻም ሆነ ለከብት እንዲህ ያለ ውል ይዞ የሚመጣ ካለ፣ ስለ አረቦኑ ከመነጋገራችሁ በፊት መለኪያው የት እንደቆመ፣ ውሉ ባለፉት አሥር ዓመታት ቢኖር ኖሮ ስንት ጊዜ ይከፍል እንደነበር ጠይቁት። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉት።