ጽዋ የሌለበት ማኅበር
ከመጠጥ ለመላቀቅ ስለሚደረጉ የመረዳጃ ስብሰባዎች

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ካሠሩበት ከጋፋት አንሥቶ እስከ ጉና ግርጌ ድረስ፥ የሰው መሰባሰብና መጠጥ ተለያይተው አይታዩም። ማኅበሩ ራሱ «ጽዋ» ይባላል፤ ደቦው በጠላ ይጠራል፤ ሠርጉም ተዝካሩም ያለ ጠላና ያለ አረቄ እንደ ጎደለ ይቈጠራል። ስለዚህ መጠጥ የጎዳው ሰው «ትቻለሁ» ሲል የሚተወው መጠጡን ብቻ ሳይሆን ከወዳጅ ከጎረቤት የሚገናኝበትን ስፍራ ጭምር ነው። በጽኑ ወስኖ ሳለ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚመለሰው ሰው ብዙ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ላለው ሰው የሚሆን ሌላ መሰብሰቢያ ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚገኝ ማስረዳት ነው።

በዚህ ረገድ ይበልጥ የታወቀው «አልኮሊክስ አኖኒመስ» የተባለው ማኅበር ነው። ትርጓሜው «ስማቸውን የማይገልጡ የመጠጥ ሕሙማን» እንደ ማለት ነው። የተመሠረተው በ1927 ዓ. ም. በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ መጠጥ የተወ ነጋዴ ለሥራ ወደዚያች ከተማ ሄዶ ሳለ የመጠጥ ፍላጎት ቢያስጨንቀው፥ ሕመሙን የሚያውቅ ሌላ ጠጪ ፈልጎ ቦብ ስሚዝ ከተባለው ሐኪም ጋራ ተገናኘ። ቢል ሳይጠጣ ኖረ፤ ቦብም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጠጡን ፈጽሞ ተወ። የማኅበሩ መሠረት ይኸው ነው፤ አንዱ ሕመምተኛ ሌላውን ሲረዳ ራሱም ይረዳል።

በአገራችን መጠጥ ለመተው የሚፈልግ ሰው ስለት ይሳላል፥ ጠበል ይጠመቃል፥ ወይም የንስሓ አባቱ እንዲገዝቱት ይለምናል። ግዝት ኀይሉን የሚያገኘው ከበላይ ካለ ሥልጣን ነው። የመረዳጃው ስብሰባ ግን አለቃ የለውም፤ የሚናገረውም የሚሰማውም እኩል ነው። በዚህ ከጽዋ ማኅበር ጋራ ይቀራረባል፤ ማኅበርተኛው በተወሰነ ቀን ይገናኛል፥ የቀረውን ይጠይቃል፥ የታመመውን ይጐበኛል። የሚለየው ጽዋው ባለመኖሩ ነው። ሁለቱ መንገዶች አይጣሉም፤ ማኅበሩ ስለ ፈጣሪ እያንዳንዱ እንደየእምነቱ እንዲያስብ ስለሚተው፥ ክርስቲያኑም እስላሙም ሊገባበት ይችላል።

ለመግባት የሚያስፈልገው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው። መዋጮ ግዴታ አይደለም፤ የሚከፍል እንደ ፈቃዱ ይሰጣል። ስብሰባው ሁለት ዓይነት ነው። በክፍቱ ቤተ ዘመድም ተማሪም ሊገኝ ይችላል፤ በዝጉ ግን ራሳቸው ባለጉዳዮቹ ብቻ ይቀመጣሉ። ሰው በመጠሪያ ስሙ ብቻ ይታወቃል፤ የአባት ስም አይጠየቅም። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፥ አይፈርድምም። አዲስ የመጣ ሰው መናገር ካልፈለገ ዝም ብሎ ሊሰማ ይችላል። ቆይቶም ከነባሮቹ አንዱን እንደ መሪ ይመርጣል፤ ፍላጎቱ ሲያስቸግረው በማንኛውም ሰዓት ይጠራዋል። በዚያ የተሰማ ነገር ወደ ውጭ አይወጣም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት እንደ ደብረ ታቦር ባለ ከተማ ይህ ሕግ ከሁሉ ይበልጣል።

ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ፥ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት በ2012 ዓ. ም. መልስ አውጥቷል። 27 ጥናቶችንና 10,565 ሰዎችን መርምሮ፥ ወደ እነዚህ ስብሰባዎች በሚመራ ሕክምና ከተረዱት 42 በመቶው ከአንድ ዓመት በኋላ ፈጽሞ ሳይጠጡ ሲገኙ፥ በሌላ ሕክምና ከተረዱት ግን 35 በመቶው መሆናቸውን አስታውቋል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የአሜሪካ ስለ ሆኑ ለእኛ አገር ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይገባም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው፥ በተለይ አረቄ የለመደ፥ በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥና መቃዠት ሊደርስበት ይችላል፤ ይህም እስከ ሞት ያደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ስብሰባዎች በአዲስ አበባ ይደረጋሉ። ከደብረ ታቦር ግን መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ በየሳምንቱ አይደረስበትም። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው በስልክና በኢንተርኔት የሚደረጉትን ስብሰባዎች መከታተል ነው። ሁለተኛው በስፍራው መጀመር ነው፤ ሁለት ሰዎች፥ አንድ ክፍልና የተወሰነ ሰዓት ይበቃሉ። የፈላ ቡና ወይም ያልፈላ ብርዝ የጠላውን ቦታ ይሞላል።

የማንጠጣውም ብንሆን ድርሻ አለን። «በሞቴ፥ አንድ ብቻ» እያልን መጠጥ የተወውን ሰው የምናስገድደው እኛው ነን። ይህን መተው ክፍልም ገንዘብም አይጠይቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ ሊደረግ ይቻላል።