በጋራ ኮምፒዩተሮች ላይ ፋይልን በትይዩ ስለ ማመቅ

መግቢያ

ለትምህርት ምርምር የሚሰበሰበው መረጃ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ በመሄዱ፣ ብዙ ተመራማሪዎች በጋራ የሚገለገሉበት የኮምፒዩተሮች ስብስብ፣ ማለትም ክላስተር፣ ተፈላጊ መሣሪያ ሆኗል። የሚከማቸው ፋይል ቦታ እንዳያጣብብ ይታመቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥራ ተከፋፍሎ እንዴት እንደሚፋጠንና የአንዱ ፍጥነት የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ ምን መደረግ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

የማመቅ መሠረተ ሐሳብ

በሰፊው የሚሠራበት ጂዚፕ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1992 የቀረበ ሲሆን፣ ሌምፔልና ዚቭ በ1977 ባሳተሙት ዘዴ ላይ የተመሠረተ ነው። ዘዴው የተደጋገመውን ቃል እንደገና በመጻፍ ፈንታ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ተመልሰህ ይህን ያህል ፊደል ቅዳ» የሚል አጭር ምልክት ይተካል። ወደ ኋላ የሚታየው ርቀት ከ32 ኪሎባይት አያልፍም። ሥራው በተራ ስለሚከናወን፣ ማሽኑ ኮር የሚባሉ 32 የስሌት ክፍሎች ቢኖሩትም የሚደክመው አንዱ ብቻ ነው።

ሥራውን ስለ መከፋፈል

ማርክ አድለር በ2007 ያወጣው ፒግዚ የተባለው ፕሮግራም ፋይሉን በየ128 ኪሎባይቱ ቆራርጦ ለየኮሩ ያድላል። ይህም የፈተና ወረቀትን በእሽግ በእሽግ ለብዙ አራሚዎች ከማደል ጋር ይመሳሰላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከፊቱ ያለውን 32 ኪሎባይት ለማጣቀሻ ስለሚይዝ፣ በመከፋፈሉ የሚጠፋው የማመቅ ጥቅም አነስተኛ ነው። ውጤቱንም ጂዚፕ ራሱ ሊፈታው ይችላል። ይሁን እንጂ መፍታቱ በዚህ አኳኋን አይከፋፈልም፤ የኋለኛው ቁራጭ የፊተኛውን ስለሚጠቅስ፣ የፊተኛው ሳይፈታ የኋለኛው አይፈታም።

ስለ ድርሻ

ዋናው ችግር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ፒግዚ የኮሩ ቁጥር ካልተነገረው በማሽኑ ላይ ያሉትን ሁሉ ቆጥሮ ሥራ ይጀምራል። ተገልጋዩ ስለርምን ከመሰለ ሥራ አከፋፋይ ፕሮግራም 4 ኮር ብቻ ጠይቆ እንደሆነ፣ ወሰን ባልተበጀበት ክላስተር የጎረቤቱን ድርሻ ይሻማል፤ ወሰን በተበጀበት ደግሞ የ32 ኮር ሥራ በ4 ላይ ይጋፋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህንኑ ስሕተት በጀማሪነቱ ፈጽሞ፣ አንድ ባልደረባው በማግስቱ ሊያስረክበው የነበረው ስሌት ሳይደርስለት እንደቀረ ያስታውሳል። መፍትሔው ግን ቀላል ነበር፤ «ፒ» ከሚለው የትእዛዝ ፊደል ቀጥሎ የተፈቀደውን ቁጥር መጻፍ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ ተገልጋዩ የሚከተሉትን ቢፈጽም ይመከራል።

1ኛ/ ሥራውን በመግቢያው ማሽን ላይ ሳይሆን በሥራ አከፋፋዩ በኩል ማስኬድ፤

2ኛ/ የተጠየቀውን የኮር ቁጥርና ለፕሮግራሙ የሚነገረውን ቁጥር አንድ ማድረግ፤

3ኛ/ ትናንሽ ፋይሎች በብዛት ሲኖሩ እያንዳንዱን ከመቆራረጥ ይልቅ ለየኮሩ ሙሉ ፋይል ማደል፤

4ኛ/ የጋራው ዲስክ ከሚያነብበትና ከሚጽፍበት ፍጥነት በላይ መሄድ ስለማይቻል፣ አስቀድሞ በ2፣ በ4 እና በ8 ኮር ሞክሮ ጥቅም የሚሰጠውን ያህል ብቻ መጠየቅ።

ማጠቃለያ

ሥራን መከፋፈል ጊዜን ይቆጥባል። ነገር ግን በጋራ መሣሪያ ላይ የአንዱ ጥድፊያ የሌላው መዘግየት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ሠልጣኞች የትእዛዙን አጻጻፍ በሚማሩበት በዚያው ሰዓት ድርሻቸውን ለይቶ መጠየቅንም ሊማሩ ይገባል።