ተከፍሎበት የተጣሰ ሕግ

መጋቢት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የብሪታንያው የመርከብ ኩባንያ ፒ ኤንድ ኦ ፌሪስ መርከቦቹን ወደብ ላይ አቁሞ ለመርከበኞቹ አስቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ አሳየ። ሦስት ደቂቃ ያህል የፈጀው መልእክት 786 ሰዎች ከሥራ መሰናበታቸውን የሚያረዳ ነበር። ቦታቸውን የሚይዙት በኤጀንሲ የሚቀጠሩ፣ ደመወዛቸው ዝቅ ያለ ሠራተኞች ናቸው። አርኤምቲም ሆነ ኖቲለስ፣ የመርከበኞቹ ማኅበራት፣ ቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። ሀል ወደብ ላይ የቆመችው የፕራይድ ኦፍ ሀል ካፒቴን መሸጋገሪያውን አስነሥቶ፣ ባልደረቦቹን ይዞ ከመርከቧ አልወርድም አለ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ግን ከሁሉ በላይ የሚቆጨው ከሳምንት በኋላ በፓርላማ የተባለው ነው። የኩባንያው የዚያን ጊዜ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ፒተር ሄብልትዌይት ማኅበራቱን የማማከር ግዴታ እንደነበረባቸው አመኑ። ያላማከሩትም የትኛውም ማኅበር ዕቅዱን ስለማይቀበል መሆኑንና በምትኩ ካሳ እንደሚከፍሉ ተናገሩ።

ነገሩ የተሰላ ነበር። የብሪታንያ ሕግ መቶና ከዚያ በላይ ሠራተኛ የሚቀንስ አሠሪ ቢያንስ ከ45 ቀን በፊት ምክክር እንዲጀምር ያዛል። ይህን ላልፈጸመ አሠሪ በወቅቱ የተቀመጠው ክፍያ ለአንድ ሠራተኛ እስከ 90 ቀን ደመወዝ ነበር። ጣሪያው ከታወቀ ደግሞ ክልከላው የዋጋ ዝርዝር ይሆናል። ኩባንያው በድምሩ 36.5 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ አቀረበ።

የእኛም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 29 የሠራተኛ ቅነሳ ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኞቹ ተወካዮች ጋር በመመካከር እንዲፈጸም ይላል። ስሞቹ ተለይተው፣ ደብዳቤው ተፈርሞ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ምክክር አይደለም። ምክክር ሊባል የሚችለው ውጤቱን የመለወጥ ዕድል ሲኖረው ብቻ ነው። የማኅበር መሪዎች በቃለ ጉባኤው ላይ ከመፈረማቸው በፊት ይህን መጠየቅ አለባቸው።

በባሕር ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይደረባል። የፒ ኤንድ ኦ መርከቦች የቆጵሮስን፣ የባሃማስን፣ የቤርሙዳን ባንዲራ ያውለበልቡ ነበር። የመርከበኞቹ የሥራ ውል የተፈረመው በጀርሲ ደሴት ከተቋቋመ ኩባንያ ጋር ነበር። ባለቤቱ የዱባዩ ዲፒ ወርልድ ነው። ለተተኪዎቹ የተመደበው አማካይ ክፍያ በሰዓት 5.50 ፓውንድ ሲሆን፣ የዚያን ጊዜ የብሪታንያ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል 8.91 ነበር፤ ያም በሕግ አልተከለከለም ነበር። በባሕር ዳር ከተማ ሠልጥነው በውጭ ባንዲራ መርከብ ላይ የሚሠሩ የኛ ልጆች ውላቸውን ሲፈርሙ ከደመወዙ በፊት ሊያነቡት የሚገባው ይኸው ነው፦ ቀጣሪው ማን ነው፣ መርከቧ የት ተመዘገበች፣ ክርክር ቢነሳ በየትኛው አገር ሕግ ይታያል?

የብሪታንያ መንግሥት መጀመሪያ እርምጃ የወሰደው በደኅንነት በኩል ነው። መጋቢት 16 ቀን፣ በሰሜን አየርላንድ ላርን ወደብ፣ የኩባንያው መርከብ ዩሮፒያን ኮዝዌይ አዲሶቹ መርከበኞች በቂ ሥልጠና ስላልነበራቸው ጭምር እንዳትንቀሳቀስ ታገደች። በወንጀል ግን ማንም አልተከሰሰም፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነሐሴ ላይ ክስ እንደማይመሠርት አሳወቀ።

በመጋቢት 2015 የብሪታንያ ፓርላማ ያጸደቀው የመርከበኞች ደመወዝ ሕግ፣ በዓመት ቢያንስ 120 ጊዜ በወደቦቿ በሚመላለሱ መርከቦች ላይ የሚሠሩ ሰዎች በብሪታንያ ውኃ ላይ ሳሉ የደመወዙ ወለል እንዲጠበቅላቸው አደረገ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ብቅ የምትል የጭነት መርከብ ሠራተኞች ግን አሁንም በዚህ ሕግ አልተሸፈኑም።