ስልኩ ያነባል፤ ካፊ ኖኖን ግን አይችልም

ቦንጋ ውስጥ በየሰው እጅ ያለው አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ፣ ማየት ለተሳነው ሰው የሚያነብለትን ፕሮግራም ይዞ ነው ከፋብሪካ የወጣው። ስሙ ቶክባክ ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ፣ አክሰሲቢሊቲ ከሚለው ስር ይገኛል። ሲበራ የስልኩ ጠባይ ይለወጣል። አንዴ ሲነኩት የነኩትን ነገር ስም ይናገራል እንጂ አይከፍትም፤ ለመክፈት ሁለቴ ፈጠን አድርጎ መንካት ነው። ጣትን ወደ ቀኝ ሸርተት ሲያደርጉ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሳያውቅ ያበራው ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ በብዙ ስልኮች ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ መያዝ ያጠፋዋል።

ዓይናቸው ለደከመ አረጋዊ ፊደሉን ማተለቅ ብቻ ሊበቃ ይችላል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ደግሞ፣ ስልኩ ‹‹ተጭነው ያዙኝ›› ብሎ ከመቁጠሩ በፊት የሚታገሥበትን ጊዜ ማርዘም ይቻላል፤ ይህች ትንሽ ማስተካከያ ብዙ ብስጭት ታስቀራለች። መጻፍ ለሚቸግራቸው፣ የጎግል የድምፅ መጻፊያ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። ኢስፒክ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ጆሮ ግን ይለምደዋል።

ቦንጋ ባለችበት ካፋ ላይ ግን ችግሩ ቋንቋው ነው። የካፋ ሕዝብ ቋንቋ ካፊ ኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ የልጅ ልጅ የላከችውን መልእክት ስልኩ እንደ እንግሊዝኛ ያነበዋል። ረጅሙን ‹ኦ› ለመጻፍ ፊደሉ ሁለቴ ይደገማል፤ የእንግሊዝኛው ድምፅ ይህን ‹ኡ› ይለዋል። በዚህ ዓይነት ንባብ አያት ምንም አይገባቸውም።

በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ነገሩ የገንዘብም ጉዳይ ሆኗል። ስክሪኑን ማንበብ የማይችል ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ለሌላ ነግሮ ብር ቢያስልክ፣ ኪሱን ከፍቶ እንደመስጠት ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፣ በአንቀጽ 9፣ የመገናኛ ቴክኖሎጂ ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን ያስገድዳል።

ካፊ ኖኖን የሚያነብ የስልክ ድምፅ ከሌላ አገር ተሠርቶ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ድምፁን ለመሥራት፣ ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩ ሰዎች ጽሑፍ እያነበቡ ብዙ ሰዓት መቀዳት አለባቸው፤ ለዚህ ከቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የለም። እስከዚያው፣ የቤቱ ወጣቶች፣ የአያታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ ቁጥር ከመደወል ይልቅ አጠገባቸው ተቀመጡና ፊደሉን አተልቁላቸው፣ የድምፅ መልእክት በካፊ ኖኖ መላክንም አስተምሯቸው። የሚስጥር ቁጥራቸውን ግን ራሳቸው ይጫኑት።