ጥቁር አፈር ላይ የአርማታ ቤት

ከአዲስ አበባ ተነሥተው በናዝሬት መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዙ ሁሉ ዱከምን ያውቋታል፤ ጥሬ ሥጋዋን ያልቀመሱም ቢሆኑ ዝናዋን ሰምተዋል። ዛሬ ግን የምናወራው ስለ ሥጋዋ ሳይሆን ስለ መሬቷ ነው። የብዙ ዓመት ዕቁቡን ይዞ የመጀመሪያ ቤቱን በአርማታ ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው መሬቱን ነውና።

የአድአ ሜዳ ጥቁር አፈር ለጤፍ የተመሰገነ ቢሆንም ለቤት ክፉ ጎረቤት ነው። በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ቤቱም አብሮት ይነሣል፥ አብሮት ይወርዳል። ማዕዘኖቹ ሁሉ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይተረተራል፤ በሩም አልዘጋ ይላል። የተማሪዎቼ ወላጆች ስንጥቁን በልስን ሲደፍኑት አያለሁ፤ በሚቀጥለው ክረምት ያው ይመለሳል። በሽታው ከታች ሳለ ከላይ መቀባት ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ፌሮና ሲሚንቶ ከመግዛትዎ በፊት በቦታዎ ላይ የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። የጥቁሩ አፈር ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የጎረቤትዎ መሠረት ለእርስዎ ልክ ላይሆን ይችላል። አፈሩ ስስ ከሆነ ጨርሶ ይጠረግና መሠረቱ በጠንካራው መሬት ላይ ያርፋል፤ በተጠረገውም ስፍራ የማያብጥ አፈር በስሱ እየተነጠፈ ይጠቀጠቃል። ጥልቅ ከሆነ ግን መሐንዲስ ሳያማክሩ አይጀምሩ። ከጣሪያ የሚወርደውንም ውሃ በአሸንዳ ሰብስበው ከመሠረቱ ያርቁት።

አርማታው ራሱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ነው። ሠራተኞች ማቡካቱ እንዲቀላቸው ውሃ ያበዛሉ፤ ለአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ግን ከ25 እስከ 28 ሊትር ይበቃል። ትርፉ ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ስለሚሄድ አርማታው ይደክማል። ከተሞላ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ ውሃ መጠጣት አለበት። ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ ሰው ይህ ከባድ ወጪ መሆኑን አልክድም።

ደግሞም ዱከም ከስምጥ ሸለቆ አፋፍ ሩቅ አይደለችም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣውም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ኮለኑን በእንዲህ ያለ ቀን ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ስታፋው ነው፤ በተለይ ኮለኑ ከቢሙ በሚጋጠምበት ስፍራ ቀረብ ቀረብ ብሎ፥ ጫፉም ወደ ውስጥ ታጥፎ መታሰር አለበት። ካሳፎርማው ከመዘጋቱ በፊት ሜትር ይዘው ይሂዱና ርቀቱን መሐንዲሱ በፕላኑ ላይ ከጻፈው ጋር ያስተያዩት።