አራት ቡሎን

አንገር ጉቲን፣ አንድ ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር አሮጌ የኢሱዙ ጎማ ተጋድሟል። ጎማው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ የተቀመጠው የቮልስ ሞተር ነው። መኪናዋ የአባቱ ነበረች። አምስት እርምጃ ወዲያ ኋላዋ በድንጋይ ከፍ ተደርጎ ቆማለች፤ ሞተሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ስለሆነ አንዲት ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። ጓደኛዬ ሞተሩን አዲስ አበባ አሳድሶ በጭነት መኪና አስመጥቶታል። አሁን የቀረው ጥያቄ፣ “ራሴ ልግጠመው ወይስ ነቀምቴ ድረስ ላስጎትታት?” የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው እሱ ብቻ አይደለም። ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት ቮልስ የስፖርት መኪና ዘመድ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራችው የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 ብዙ ዕቃዋን የወሰደችው ከእሷ ነበር። ዛሬ ዋናዋን 356 ስፒድስተር ለመግዛት ኪሳቸው የማይፈቅድላቸው ፈረንጆች፣ ከፋይበርግላስ የተሠራ አምሳያ ቦዲ ገዝተው የቮልስ ሻንሲ ላይ ያስቀምጣሉ። ከውጭ ሲያዩዋት ታፈዝዛለች። የኋላ ኮፈኗን ሲከፍቱት ግን ማንጎው ሥር ያለው ሞተር ወንድም ነው የሚያገኙት። እነሱም ሞተሩን ራሳቸው ይግጠሙት ወይስ ለባለሙያ ይስጡት እያሉ ያቅማማሉ።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከጌጥ ያልፋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለችውን አሮጌ ማዳን ያዋጣል። ቮልስ ደግሞ ለመዳን የተፈጠረች ነው የምትመስለው። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ የተሠሩት ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር።

ሞተሩን እናስተዋውቅ። አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል። ራዲያተር የለውም፣ ውሃ አይጠጣም፤ በቺንጋ የሚዞር ፋን አየር እየነፋ ያቀዘቅዘዋል። እንደ ዘመኑ 1192፣ 1285፣ 1493 ወይም 1584 ሲሲ ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን ፊልትሮ ሳይሆን ወንፊት ነው ያለው፤ ስለዚህ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ የማይቀይር ሰው ሞተሩን በገዛ እጁ ይገድለዋል። ክብደቱ ከአንድ ኩንታል እምብዛም አይርቅም። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ሲሆን አራቱም በ17 ቁልፍ ይፈታሉ።

ሰፈሩ ውስጥ ባጃጅ የሚጠግን ልጅ ጠርተን ነበር። ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ “ጋሼ፣ ይሄማ የባጃጅ ታላቅ ወንድም ነው” አለ። አልተሳሳተም። የባጃጅም ሞተር ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው፤ ልጁም በየጊዜው የሚያወርደው ስለሆነ እጁ ለምዶታል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያምታታው ሞተር መሥራትንና ሞተር መግጠምን ነው። መሥራቱ ከበድ ይላል። ፍላይዊሉን ክራንክሻፍቱ ላይ የሚይዘው ትልቁ ዳዶ በ36 ቁልፍ ይጠብቃል፤ አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ያህል ሰቅሎ እንደማጥበቅ ነው። ክራንክሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ደግሞ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆን አለበት፤ በስሱ ሮንዴላ እየተለካ ይስተካከላል። ይህን መለኪያ ያለው ቶርኖ ቤት ይሥራው፤ በግምት የሚሠራ ሰው ሞተሩን ሁለት ጊዜ ያሳድሳል። መግጠሙ ግን ሌላ ነገር ነው። የጓደኛዬ ሞተር ተዘግቶ የመጣ በመሆኑ የቀረው መግጠሙ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነቀምቴ ድረስ መጎተት ለእኔ ትርፍ ድካም ሆኖ ታየኝ።

ከማንሳታችን በፊት ግን አንድ ነገር ማጣራት ነበረብን። የድሮዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ነበሩ፤ የፍላይዊላቸው ጥርስ 109 ነው። 12 ቮልት የሆኑት 130 ጥርስ አላቸው፣ ፍላይዊላቸውም ሰፋ ይላል። ትልቁን ፍላይዊል በድሮው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ለማስገባት ከቤቱ ጠርዝ መላጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያይ ሞተር ያነሳ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ልጁ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጎ መቁጠር ጀመረ፤ በየአሥሩ አንድ ጠጠር ያስቀምጣል። መጀመሪያ 131 አለ። ጠጠሮቹን በትኖ እንደገና ቆጠረና 130 አገኘ። ካምቢዮው የ12 ቮልት ስለነበር ተገላገልን።

ሲገጠም ዋናው ነገር ትዕግሥት ነው። የካምቢዮው ጥርሳም ዘንግ በፍሪሲዮኑ ዲስክ መሃል ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። ሞተሩ በክሪክ ተነስቶ ትይዩ እስኪሆን መጠበቅ፣ ካምቢዮው ማርሽ ላይ እያለ የቺንጋውን ፑሊ በእጅ ትንሽ ማዞር፣ ከዚያ በእጅ መግፋት ነው። ካልገባ የሆነ ነገር ጠምሟል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ በቡሎን እየጎተተ ያስገባዋል፣ ወይም የሞተሩን ክብደት በዘንጉ ላይ ያንጠለጥለዋል። ዲስኩ ይጣመማል፤ ፍሪሲዮኑም ሲረገጥ አልለቅም ይላል። ላይኛዎቹ ቡሎኖች ደግሞ አንድ ሰው ከወዲያ፣ ሌላው ከወዲህ ሆነው የሚይዟቸው ስለሆኑ ብቻን አይሞከርም።

የቤንዚን ቱቦውንም አዲስ አድርጉ፤ የሚያፈስ ቱቦ እሳት ያስነሳል። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ነው፤ አንዴ እሳት ከያዘው ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አጠገብ ደረቅ አሸዋ ይኑር።

አንገር ጉቲንን በተለይ የሚመለከተው ጉዳይ ግን ሙቀቱ ነው። ከቆላው ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ነቀምቴ ሲወጣ ሞተሩ ይለፋል፤ አየሩ እየሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ እግር ደግሞ ቤንዚኑን ይጫናል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ ከቦዲው ጋር የሚገናኘው በላስቲክ ነው። የላስቲኩ ሥራ ከታች ያለው የማርሚታ ትኩስ አየር ወደ ላይ ወጥቶ በፋኑ እንዳይሳብ መከልከል ነው። ላስቲኩ ከሌለ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍሳል። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ለ3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድበት ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ብዙ ሰው ግን ያ ላስቲክ የጌጥ ይመስለውና ሞተር ሲወርድ ይጥለዋል።

ከተገጠመ በኋላ ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በ0.15 ሚሊ ሜትር ይስተካከላሉ። አዲስ ካምሻፍት ከገባበት፣ እንደተነሳ ለ20 ደቂቃ ያህል በ2,000 ዙር አካባቢ ይቆይ፤ ቀስ ብሎ እያንኮራፋ ቢተውት ካምሻፍቱ ይበላል። ከሁሉም በኋላ ሊብሬው አለ። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር አካሉ ላይ ተመቷል፤ አካሉ ከተቀየረ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ቦሎ ለማውጣት ከመሄድ በፊት ለውጡን ማስመዝገብ ይሻላል። ጓደኛዬ አካሉን አልቀየረም፤ ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጎ ከሊብሬው ጋር አመሳክሮ አንድ ሆኖ አገኘው።

ላስቲኩ ግን የለም። ከከረጢቱ ሥር አልነበረም፣ ከቆርቆሮዎቹም ጋር አልመጣም። ልጁ የተቀደደ የኢሱዙ ከመነዳሪ አምጥቶ በምላጭ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቅዳጅ አድርጎ ቆረጠውና በቆርቆሮው ጠርዝ ዙሪያ መጠቅለል ጀመረ። ጓደኛዬ ቁልፉን ይዞ ለማንሳት ተዘጋጅቷል። ልጁ ግን ጠርዙን በመዳፉ ዳር ዳሩን እየሄደ ፈተሸና ግራው ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ቆይ ጋሼ፣ እዚህ ጋ ጣቴ ይገባል።”